ጠያቂዋ ሼል

ሚጣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከበር ጉበን ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስሟን ግን ማንም አልቀየረላትም። በሕፃንነቷ ታላቅ እህቷ ያወጣችላት ስም እስከ ሥራ ቦታዋ ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ አለቃዋም ዘበኛውም ሚጣ ነው የሚሏት።

የምትሠራው የሰው ድምፅ በሚጠራቀምበት ቤት ነው። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች፣ አንደበታቸው ሳይዘጋ ወደዚህ ይመጣሉ። ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ። ከዚያ ንባብ ላይ ተነሥቶ፣ በጣት የተጻፈውን ሁሉ በዚያው ሰው ድምፅ የሚናገር መሣሪያ ይሠራላቸዋል። ሰውየው ከቀዶ ሕክምናው ሲነቃ ጉሮሮው ባዶ ነው፤ ድምፁ ግን እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

የማሽኑን ክፍል የያዙት ሁለት ናቸው፤ ሚጣና አንድ አዛውንት ባለሙያ። አዛውንቱን ከፊታቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ዝግታ»። አንድ ትእዛዝ ጽፈው ቁልፉን እስኪጫኑ ድረስ ሻይ ይቀዘቅዛል ተብሎ ይቀለድባቸዋል። ቀልዱ እውነት ነበር።

ሥራው በማውስ የሚገፋ አይደለም። አንድ በሽተኛ በመጣ ቁጥር አንድ ሺህ ስድስት መቶ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ ያንን አንድ በአንድ እየጎተቱ ማን ይዘልቀዋል? ስለዚህ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈተው ጥቁር የጽሑፍ መስኮት ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ሰው እዚያ ትእዛዙን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ሼል የሚባለው ፕሮግራም ተቀብሎ ይፈጽማል። ሼል ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ የፈለጉትን መርጦ መጫን ይቻላል። ሚጣ መምረጥ ስትወድ ለጉድ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መረጠች። የመጀመሪያዋን ጫነቻት፤ ጥሩ ነበረች፤ ግን ሌሎቹ የሚያውቁትን ትእዛዝ በራሷ አነጋገር ካልሆነ አልሰማም አለች፤ ነቀለቻት። ሁለተኛዋ ከንግግሯ መንቀርፈፏ። ሦስተኛዋ ላይ ግን ልቧ ወደቀ። ሦስት ፊደል ሲጻፍላት የቀረውን ስም ራሷ ትሞላለች። ጣት የሳተውን ታርማለች። ከወር በፊት የተሰጣትን ትእዛዝ አስታውሳ፣ ገና ሳይጻፍ በደብዛዛ ቀለም ከፊት ታስቀምጣለች። ከሁሉ በላይ ግን ትጠይቃለች። ኮምፒውተር ላይ «ሁሉንም» ለማለት አንዲት ኮከብ ነው የምትጻፈው፤ ማጥፊያውን ትእዛዝ ከኮከቧ ጋር ሲያገናኙት፣ ፎልደሩ ውስጥ ያለው በሙሉ ድራሹ ይጠፋል። ይህቺ ሼል ግን ዝም ብላ አታጠፋም። «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያሉት አርባ ሁለት ፋይሎች ሊጠፉ ነው፤ እርግጠኛ ነሽ?» ትላለች። ፎልደሩን በስም፣ ፋይሎቹን በቁጥር ትጠራለች።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሯት» አለች ሚጣ ወንበሯን ወደሳቸው እያሽከረከረች። «የጋራው ሰርቨር ላይም እንጫናት።»

«ትጠይቃለች ነው ያልሽኝ?»

«አዎ! ሊሳሳቱ ሲሉ ትይዝዎታለች።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

«ምን ማለት ነው ይቅርብኝ?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሰርቨሩ ላይ ያለችው የኔዋ አሮጌ አትጠይቅም፤ ያዘዟትን ትፈጽማለች። ስለዚህ እጄን እፈራዋለሁ። ኮከቧን ከመጻፌ በፊት የት እንዳለሁ አያለሁ፤ ስንት ፋይል እንዳለ እቆጥራለሁ። የምትጠይቀኝ ብትመጣ ማየቱን ለሷ ትቼ ቁጭ እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሰርቨሩን አትንኪብኝ፣ ልጄ። የራስሽ ማሽን ላይ የወደድሽውን አድርጊ።»

አረጁ፣ ብላ በሆዷ አለፈቻቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያን ዕለት ከሁለቱ ያረጀ ሰው አልነበረም፤ አንዳቸው ፈሪ ነበሩ፣ አንዷ አልነበረችም።

ሼል መልመድ እጅ ማስለመድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚጣ ማንኛውንም ነገር ከማጥፋቷ በፊት እንደ ድሮዋ ታይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማየቱ ድካም ሆነባት፤ ሼሏ ራሷ ቆጥራ ትነግራታለቻ! በሦስተኛው ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ትእዛዙን ታወርድና ጣቷን «አዎ» የምትለዋ ቁልፍ ላይ አንጠልጥላ ጥያቄውን ትጠብቃለች። ያለችበትን ፎልደር የምታውቀው ከጥያቄው ሆነ። ፍጥነቷ ለዓይን ያስደንቅ ነበር፤ አለቃዋ ለጎብኚዎች እሷን ነው የሚያሳየው።

ሌላም ነገር አደረገች። ከማሽኗ ሆና ሰርቨሩ ውስጥ ስትገባ የመስኮቱ መስመር ዓይን የሚወጋ ቀይ ይሆን ነበር። ጋሽ ዝግታ ናቸው ከዓመታት በፊት እንደዚያ ያደረጉት፤ ሰርቨሩ የሰዎች ድምፅ ሁሉ ያለበት ስለሆነ የሚገባው ሰው የት እንደገባ እንዲያውቅ። ሚጣን ቀዩ አስጠላት። በራሷ መግቢያ ብቻ ቀየረችው፤ እንደ ማሽኗ ለስላሳ አረንጓዴ፣ እንደ ማሽኗ ትንሽ ቀስት ያለው። የሰርቨሩን ሼል አልነካችም፤ የነካችው ቀለሙን ብቻ ነው። ለሳቸው መንገሩ አልታያትም። ለመስኮት ቀለም ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

እህቷ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

እህቷ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ሚጣ «እትዬ» ነው የምትላት። ጉሮሮዋ ላይ የበቀለው ነገር መድኃኒት አልመልሰው ብሎ፣ ማንቁርቷ በሙሉ እንዲወጣ ሐኪሞቹ ወሰኑ። ቀኑ ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ተባለ። ከዚያ በፊት ለስምንት ቀናት እየመጣች አነበበች። ሚጣ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጣ ትቀዳታለች።

«እትዬ፣ ለዛሬ ይብቃሽ። ድምፅሽ እየሻከረ ነው።»

«ምን ይበቃኛል? ሁለት መቶ ቀርቶኛል» አለች እህቷ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ፣ ውኃዋን ጎንጨት ብላ። «ደግሞ ቁጣዬንም ቅጂው። ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ ስስቅ ብቻ ነው እንዴ?»

«ማሽን ሆነሽም ልትቆጪ ነው?»

«ታዲያስ! ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲንጫጩ፣ ሳይዞሩ እኔ መሆኔን ማወቅ አለባቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም ሚጣ። አንጀቴን ቢያወጡት ግድ የለኝም፤ ይሄን ግን አደራ።»

ሚጣ ሳቀች። እህቷ አሳድጋታለች እኮ። እናታቸው ሥራ ስትውል አብልታ፣ አጥባ፣ ፊደል ያስቆጠረቻት ይህቺው ድምፅ ናት።

በዚያ ቤት ሥርዓት፣ የተቀዳው ድምፅ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ «ጠረጴዛ» የሚሉት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ የአንባቢው ሳል፣ የወረቀት ኮሽታውና የወንበር ሲጥታው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ወደ መዝገብ ይገባል። በየቀኑ ቅጂ የሚወሰደው ከመዝገብ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው እንደ ጥሬ ዕቃ ስለሚቆጠር ቅጂ የለውም። መቅጃው ላይ ያለው ካርድ ደግሞ ለሚቀጥለው በሽተኛ ሲባል ወዲያው ይጸዳል። ጥሬውን ማጥራት የጋሽ ዝግታ ሥራ ነበር፤ በማግስቱ ጨርሰው መዝገብ ያስገባሉ። የእህቷን ግን ሚጣ አላስነካም አለች።

«በገዛ እጄ ነው የማጠራላት» አለች።

«ዓርብ ያልቅልሻል?»

«ያልቃል።»

ዓርብ አላለቀም። አንዷን ሳል ለመቁረጥ ሦስቴ እየሰማች፣ አንዳንዱን ደግሞ ለመቁረጥ አንጀቷ እንቢ እያላት ቆየች። ቅዳሜና እሑድን ከእህቷ ጋር ዋለች። እንዲህ ሆኖ የእህቷ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ሆኖ ሰኞ ነጋ።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሚጣ ቢሮ ነበረች። ሐሳቧ የቀረውን አጥርታ፣ መዝገብ አስገብታ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እህቷን ስማ ለመመለስ ነበር። ሁለት መስኮት ከፍታለች፤ አንደኛው የራሷ ማሽን፣ ሌላው ሰርቨሩ። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ትንሿ ቀስት አለች። የራሷ ማሽን ላይ ማይክሮፎኑን ሲፈትሹ የተቀዱ ሰባት ፋይሎች ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እነሱን ጠርጋ ልትጀምር አሰበች። ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነበረች፤ «እየመጣሁ ነው እማዬ» ብላ ዘጋችው። ወደ መስኮቱ ተመለሰች፤ ማጥፊያውን ጻፈች፤ ኮከቧን አስከተለች፤ ቁልፉን ተጫነች።

ጣቷን «አዎ» ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች።

ጥያቄ አልመጣም። መስመሩ ዝም ብሎ ወደ ታች ወርዶ አዲስ ትእዛዝ መጠበቅ ያዘ። ሚጣ መጀመሪያ ሼሏ የተበላሸች መሰላት። ለምን አልጠየቀችኝም፣ ብላ ተናደደች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግራ ሄዶ የፎልደሩ ስም ላይ አረፈ። ጠረጴዛ ይላል፤ የሰርቨሩ መስኮት ነበር።

ክው አለች። በውስጡ ያለውን ዘርዝር ብላ ጻፈች፤ ምንም አልተዘረዘረም። ደግማ ጻፈች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ ጣቶቿ እየሳቱ ነበር፤ ሰርቨሩ ላይ ያለችው አሮጌ ሼል ደግሞ የሳተ ጣት አታርምም።

«ጋሼ» አለች። ወደሳቸው ዞራ ሁለተኛ ጠራች። «ጋሼ!»

አዛውንቱ መጥተው ከትከሻዋ በላይ አዩ። አረንጓዴውን መስመር አዩ፤ የጻፈችውን አዩ። ይጮሁብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢጮሁባት በተሻላት።

«እጅሽን አንሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም አትንኪ። እኔ እሞክራለሁ። አንቺ ትንሿን መቅጃ ይዘሽ ሩጪ፤ ገና ሁለት ተኩል ነው። ሃያ ዓረፍተ ነገር እንኳ ብታገኚ የሆነ ነገር ነው። ሩጪ እንጂ!»

ሮጠች። ታክሲ ውስጥ ሆና ደጋግማ ደወለች፤ የእህቷም የእናቷም ስልክ ዝግ ነበር። የሆስፒታሉን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ፣ እናቷ ኮሪደሩ ላይ የእህቷን ቦርሳ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እትዬስ?»

«ገባች እኮ። ከፊቷ የነበረው ሰውዬ ትኩሳት ተነሥቶበት እሷ ትቅደም አሉ። ሃያ ደቂቃ ሆናት።» እናቷ እንባዋን በመሐረቧ ጫፍ ጠርጋ ፈገግ አለች። «ፈርታለች ብዬ ነበር። ስትገባ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ድምፄ እንደሆነ ሚጣ ጋ ነው› አለችና ሳቀች።»

ሚጣ መቅጃውን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆመች። ከዚያ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ለእህቷ የደነገጠች መስሏት ጀርባዋን አሻሸቻት።

ጋሽ ዝግታ ሦስት ቀን ሞከሩ። የሰርቨሩ ዲስክ የጠፋውን ቦታ ወዲያው የሚያጸዳ ዓይነት ነበርና አንዲት ፋይል አልተመለሰችም። የተረፉት፣ ሚጣ ልታጠፋቸው የነበሩት የእህቷ ድምፅ ያለባቸው ሰባት የፍተሻ ፋይሎች ናቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሰማል? ሚጣ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?» በጠቅላላው አርባ ሰከንድ አይሞላም። በአርባ ሰከንድ ድምፅ አይሠራም።

«ንገሪያት» አሏት አዛውንቱ። «ዛሬውኑ። ባደረ ቁጥር ይከብድሻል።»

«ትንሽ ይሻላት፤ እነግራታለሁ።»

ልትነግራትም ነበር። ለዚህ እኔ እመሰክርላታለሁ፤ በአምስተኛው ቀን ቃላቱን አዘጋጅታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እህቷ አንገቷ በፋሻ ተጠምጥሞ ተኝታለች። የእህቷ ስልክ ጠራ፤ ሚጣ እንዳይቀሰቅሳት አንሥታ «አቤት» አለች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነበሩ። «ወይኔ መምህርት!» አሉ በደስታ። «ድምፅዎ ተመለሰ እንዴ?»

ሚጣ ስልኩን ዘጋችው። ስልኩን አየች፤ እህቷን አየች። ያን ቀን ሳትናገር ወጣች።

ከማግስቱ ጀምሮ ቢሮ ሳይከፈት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባች። አንድ ሺህ ስድስት መቶውን ዓረፍተ ነገር ራሷ አነበበች። የእህቷን የቃል አጎታተት፣ ቁጣዋን፣ ከመሳቋ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ አስመሰለች። በሰባቱ ፋይሎች እየለካች ያልመሰላትን ደገመች። በስድስተኛው ጠዋት በሩን ከፍታ ስትወጣ ጋሽ ዝግታ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመዋል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የጠፋውን እየተካሁ።»

አዛውንቱ ወለሉን አዩ። «ልጄ፣ አልናገርብሽም። ግን እጄን አላስገባም።»

«አላስቸግርዎትም። ብቻዬን እችላለሁ።»

ትችላለች። ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ፋይሎቹ ሁሉ የራሷ ስም አለባቸው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ። አንዲት መስመር ጻፈች፤ ስሟ ወጥቶ በየፋይሉ ላይ የእህቷ የበሽተኛ ቁጥር ገባ። ዓይን እስኪርገበገብ አልፈጀም። ሼሏ ምንም አልጠየቀቻትም። የምትጠይቀው ሲጠፋ ነው፤ ሲተካ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያው ደረሰ፤ መጽሐፍ የሚያህል ስክሪን፣ ከሥሩ ድምፅ ማጉያ ያለው። ሚጣ እህቷ ቤት ይዛው ሄደች። እህቷ ሶፋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን በጉጉት ይቁለጨለጫል። እናታቸው ከጎኗ ናት። ሚጣ መጀመሪያ ራሷ ለሙከራ ጻፈችበት። መሣሪያው «ደህና ዋላችሁ? እንደምን ናችሁ?» አለ።

«ልጄ!» እናትየዋ ደረቷን ይዛ ተነሣች። «ልጄ፣ ራሷ እኮ ናት! እናንተ ሰዎች፣ ራሷን አመጣችኋት!» ሚጣን አንገቷን አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ሚጣ በእናቷ ትከሻ ላይ እህቷን አየቻት።

እህቷ አላለቀሰችም። ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ተማሪ የጻፈውን ደብተር ስታይ እንደምታደርገው ስክሪኑን ታየዋለች። ደግመሽ አሰሚኝ በሚል እጇን አወዛወዘች። ሚጣ ደገመችው። እህቷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ መሣሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ በአንድ ጣት ትጽፍ ጀመር። ትጽፋለች፣ ታቆማለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። እናታቸው የመጀመሪያውን ቃሏን ለመስማት እጆቿን አጣምራ ጠበቀች። ክፍሉ ውስጥ የጣቷ ኳኳታ ብቻ ይሰማል። ሚጣ ለመሄድ አሰበች።

እህቷ ጽፋ ጨረሰች። ቀና ብላ ሚጣን እያየች ቁልፉን ተጫነች።

«ሚጣ» አለ ድምፁ። «ይሄ ያንቺ ነው። የኔን ምን አደረግሽው?»

እናታቸው በእንባዋ መሐል ሳቀች። «እዩዋት፣ እዩዋት! ገና አፏን ስትፈታ ቁጣ! ድሮም እንደዚህ ነበረች።»

ሚጣ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ብትናገር ከአፏ የሚወጣው ያው አሁን የተሰማው ድምፅ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። እህቷ ዓይኗን ሳትነቅልባት ቁልፉን እንደገና ተጫነች።